ባሕር ሄዶ ባሕር አለመንካት፦ ስለ ድሮዋ አትላንቲክ ሲቲ ሆቴሎችና የዋና ልብሶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ፊላዴልፊያ አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች ኒው ጀርሲ ያለችው አትላንቲክ ሲቲ ማለት ካዚኖ ነች። ቅዳሜ ማታ ተሄዶ እሑድ ጠዋት ኪስ ቀሎ የሚመለሱበት ቦታ። ካዚኖው ከመምጣቱ ሰባ ዓመት በፊት ግን ከተማዋ በአሜሪካ ስመ ጥር የባሕር መዝናኛ ነበረች። የዚያን ዘመን ፎቶ ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ "እንዴ! እነዚህ ሰዎች ኮትና ባርኔጣ አድርገው አሸዋ ላይ ምን ይሠራሉ?" የሚል ነው። እስኪ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። "ባሕር ዳርቻ" እያልኩ የምጽፈው ደግሞ ጣና ዳር ካለችው ከተማችን ጋር እንዳይምታታ ነው።

ለምን አትላንቲክ ሲቲ? አውሮፓ አልነበረም እንዴ?

ነበረ፣ ያውም በደንብ። እንግሊዞች ብራይተንና ብላክፑል ነበራቸው። ፈረንሳዮች ዶቪል ነበራቸው። ቬኒስ አጠገብ ሊዶ ደሴት ላይ ኤክሴልሲዮር ሆቴል በ1908 ተከፈተ፣ ኒስ ላይ ደግሞ ኔግሬስኮ በ1913። ዶቪል፣ ኒስና ሊዶ ግን የባለጸጋ ሠፈር ናቸው። ደሃው ቢመጣም ሊያገለግል ነው።

አትላንቲክ ሲቲ ሁሉንም ዓይነት ሰው ታስተናግድ ነበር። ምክንያቱ ባቡር ነው። የመጀመሪያው ባቡር ከካምደን ተነሥቶ የገባው በ1854 ሲሆን፣ ካምደን ማለት ከፊላዴልፊያ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ባሕሩ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ባቡሩ ሲመጣ ቦታው አሸዋና ቁጥቋጦ ነበር፤ ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው ማለት ይቻላል። የፋብሪካ ሠራተኛው ምሳውን በቅርጫት ይዞ ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል፣ ባለጸጋው ሻንጣውን አሸክሞ ለሳምንታት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ግን አንድ መንገድ ላይ ሲንሸራሸሩ ይተያያሉ። እኔን የሚስበኝ ይሄ መተያየቱ ነው።

ሰዎቹ የሚሄዱት ለመዋኘት አልነበረም?

አብዛኞቹ ዋና አይችሉም ነበር። የምሬን ነው።

የሚሄዱት ለጤና ነው። እኛ ፍልውሃ ወይም ሶደሬ እንደምንሄደው አድርጋችሁ አስቡት። ከተማዋን ከቆረቆሯት ሰዎች አንዱ ጆናታን ፒትኒ ራሱ ሐኪም ነበር፤ የባሕሩ አየርና ውሃ ፈውስ ነው እያለ ነው ሰው ያሳመነው። ስለዚህ ባሕር ውስጥ መግባት ሕክምና ነው፣ እንደ ሕክምናም አጭር ነው። ውሃው ውስጥ ግንድ ተተክሎ ገመድ ይወጠራል። ሰዉ ገመዱን ጨብጦ ይቆማል። ማዕበል ሲመጣ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ወጥቶ ልብሱን ይቀይራል። አለቀ። የቀረው ቀን በሙሉ ልብስ መንሸራሸር ነው።

በእኔ እይታ የዚያን ዘመን ሰው ባሕሩን ይወደው ነበር፣ ግን ከሩቁ። ሆቴሎቹም የከበሩት በዚህ ነው፦ ባሕሩን ሳትነኩት እንድታዩት፣ ሳትረጥቡ እንድትተነፍሱት አድርገው በመሸጥ።

ያ ረጅም የእንጨት መንገድ ለምንድነው የተሠራው?

ለአሸዋ። አሸዋውን ለማራገፍ ማለቴ ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። እንግዶች ከባሕሩ ሲመለሱ አሸዋውን በጫማቸው ይዘው ይገቡና የሆቴሉን ምንጣፍ፣ የባቡሩን ወንበር ያበላሻሉ። አሌክሳንደር ቦርድማን የሚባል የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪና ጄኮብ ኪም የሚባል ባለሆቴል በዚህ ተማረሩ። ለከተማው ምክር ቤት አመለከቱ፣ በ1870 ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ቦርድዋልክ ተዘረጋ። ስፋቱ 8 ጫማ ብቻ ነበር፣ ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም። ተነቃቃይ ስለነበር የብርዱ ወራት ሲገባ ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ማዕበል ሲያፈርሰው ሲሠሩ፣ ሲያፈርሰው ሲሠሩ ቆይተው በ1896 አምስተኛው ላይ በብረት ተደግፎ 40 ጫማ ስፋት አገኘ። እንግዲህ ጫማ ማራገፊያ ሆኖ የተጀመረው ነገር የከተማዋ ዋና መድረክ ሆነ ማለት ነው።

መድረክ ያልኩት በምክንያት ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ለመታየት ነበር። ወንዱ ሙሉ ልብስ፣ ሴቷ ረጅም ቀሚስ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ። መራመድ ለማይፈልግ ደግሞ እንደ ቅርጫት የተጠለፈ ባለጎማ ወንበር አለ፣ ሰው ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል። ወንበሩ በ1880ዎቹ ሲጀመር ለታመሙ ሰዎች ተብሎ ነው። ጤነኛው አየውና ቀናበት፤ ብዙም ሳይቆይ ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ የሚሽሞነሞንበት ሆነ። ገፊዎቹ በብዛት ጥቁሮች ነበሩ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሆቴሎቹ ምን ያህል ትልቅ ነበሩ? ውስጣቸውስ?

ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ዛሬ የሉም።

አንደኛው ብሌንሃይም ነው። ጆሳያ ኋይት የሚባል ሰው በ1902 ማርልቦሮ ሃውስን ሠራ፣ በ1906 ደግሞ አጠገቡ ብሌንሃይምን ጨመረበት፣ ሁለቱ ተጣምረው ማርልቦሮ ብሌንሃይም ተባሉ። ስሞቹ ከእንግሊዝ ባላባቶች ቤት የተወሰዱ ናቸው፤ አሜሪካኖች ያኔ የእንግሊዝ ስም በጣም ይወዱ ነበር። ብሌንሃይም በሲሚንቶና በብረት የተገነባ ሆኖ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የኮንክሪት ሕንፃ እየተባለ ተወራለት። ጉልላቱን ፎቶ ላይ ስታዩት ግን ከኮንክሪት ይልቅ ሕፃናት አሸዋ ላይ የሚሠሩትን ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው። አርክቴክቱ ዊልያም ፕራይስ ነው። አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ ያስከፈቱት ሆቴል ሥራ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ነገሩን ከእኛ ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ።

ኮንክሪት ለምን ወሬ ሆነ? ከዚያ በፊት የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች የእንጨት ሥራ ናቸዋ። ባሕር ዳር ነፋስ አለ፣ ወጥ ቤት እሳት አለ፣ የቀረውን መገመት ነው። ፍሎሪዳ ፓልም ቢች ላይ ያለው ብሬከርስ በ1903 ተቃጠለ፣ ተሠራ፣ በ1925 ደገመው። "ሆቴላችን አይቃጠልም" የሚለው ማስታወቂያ ያኔ ዛሬ "ዋይፋይ አለን" እንደማለት ነበር።

ሁለተኛው ትሬይሞር ነው። መነሻው አነስተኛ ማረፊያ ሲሆን በ1915 በዚያው በፕራይስ እጅ ግዙፍ ሕንፃ ሆነ፤ 600 ያህል ክፍሎች ነበሩት። እኔን ያስደነቀኝ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ገንዳው ላይ አራት ቧንቧ አለ፦ ሙቅና ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ። ባሕሩ መስኮት ሥር እየጮኸ የባሕር ውሃ በቧንቧ ፎቅ ላይ ወጥቶ፣ ሞቆ፣ ገንዳ ውስጥ ይቀርብላችኋል። ከሩቁ መውደድ ያልኳችሁ ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

አንድ ሌላ የማይጠበቅ ነገር፦ ከታላላቆቹ ሆቴሎች በርከት ያሉት ባለቤቶቻቸው ኩዌከር የሚባሉ ሃይማኖተኞች ስለነበሩ መጠጥ አይሸጡም ነበር። ቻልፎንትና ሃደን ሆል እንደዚያ ናቸው። ከተማዋ ግን ጾም አታውቅም፤ ከሆቴሉ ወጥቶ አንድ መንገድ የተሻገረ የፈለገውን ያገኝ ነበር። መጠጥ በመላ አሜሪካ በሕግ በተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 ባለው ጊዜም ሳይቀር።

ሴቶቹ ባሕር ሲገቡ ምን ይለብሱ ነበር?

ቁጭ በሉና ስሙ። 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ባሕር ለመግባት የምትለብሰው ከላይ ወደ ታች ይሄን ነው፦ ፀጉሯን የሚሸፍን ቆብ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስ እስከ ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ የመርከበኛ ኮሌታ ያለው፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ቁምጣ፣ ከቁምጣው ሥር ጥቁር ስቶኪንግ፣ እግሯ ላይ በክር የሚታሰር የጨርቅ ጫማ። ለባሕር ተብሎ የተሠራ ኮርሴት፣ ማለትም ወገብ አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ፣ የሚያደርጉም ነበሩ። ወገባቸው ማዕበል ፊት እንዳይዋረድ።

ለምን ጥቁር? ጥቁር ሲረጥብ አያሳይም። ለምን ሱፍ? ሱፍ ሲረጥብ እንደ ጥጥ ገላ ላይ አይለጠፍም፣ ደግሞም ውሃ ውስጥ ሙቀት ይይዛል ተብሎ ይታመን ነበር። ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም፤ አንዱን ችግር ሸሽተው ሌላው ላይ ወደቁ እንጂ። ሌላው ክብደት ነው። እርጥብ ጋቢ አንሥታችሁ ታውቃላችሁ? ጋቢውን ለብሳችሁ ዋኙ ብትባሉ ነው እንግዲህ። ገመዱ ለምን እንዳስፈለገ አሁን ገባችሁ?

ልብስ የሌለው ሰው ደግሞ ባሕሩ አጠገብ ካሉት መታጠቢያ ቤቶች ይከራያል። ሌላ ሰው የለበሰው፣ ታጥቦ የተሰጣ፣ ልኩ "ይሁን" የሚባል። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ሁሉም ሰው ልብሱ የሰፋው ወይም የጠበበው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይሄ ነው።

በዋና ልብስ ሆቴል መግባት ይቻል ነበር?

በዋናው በር? በፍጹም። ጨዋ ሆቴል ውስጥ በእርጥብ የዋና ልብስ በእንግዳ መቀበያው ማለፍ ነውር ነበር። የተለየ መግቢያ ነበራቸው። ቦርድዋልኩ ላይም ቢሆን ከላይ ካባ ወይም ኮት ሳይደርቡ መሄድ አይፈቀድም። አሸዋው ሌላ ዓለም ነው፣ እንጨቱ ሌላ። በመሃላቸው ያለው ደረጃ ጥቂት እርከን ብቻ ነው፤ ልብስ ግን በእነዚያ እርከኖች ላይ ይለወጣል።

ወንዶቹ ተመችቷቸው ነበር አይደል?

ትንሽ። ካናቴራ የመሰለ ክንድ አልባ ልብስ ከላይ፣ እስከ ጭን አጋማሽ የሚወርድ ቁምጣ ከታች፣ ሁለቱም ሱፍ፣ ብዙ ጊዜ ባለ መስመር። ደረትን መግለጥ ግን ክልክል ነው። አትላንቲክ ሲቲ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ሸሚዙን ያወለቀ ወንድ ትቀጣ ነበር። ልጃገረዶች ቁንጅና ለመወዳደር በዋና ልብስ እየተሰለፉ፣ የወንድ ጡት ጫፍ ሕግ ያስጥስ ነበር! ሕግ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ፖሊስ የዋና ልብስ በሜትር ይለካ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፎቶውም ያለው ከአትላንቲክ ሲቲ ሳይሆን ከዲሲ ነው፣ ያውም ሁላችንም ከምናውቀው ቦታ። ታይዳል ቤዚን፣ ያ በየዓመቱ የቼሪ አበባ ሊያዩ ሰው የሚጋፋበት ውሃ፣ ከ1918 ጀምሮ የመዋኛ ዳርቻ ነበረው። በ1922 የዋና ልብስ ጫፍ ከጉልበት በላይ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለፍ የለበትም ተብሎ ታዘዘ። የዳርቻው ጠባቂም ተንበርክኮ ሜትር እየዘረጋ የሴቶችን ጭን ሲለካ ፎቶ ተነሣ። ሴቶቹ ፈገግ ብለዋል። እሱ ኮስተር ብሏል።

አትላንቲክ ሲቲ ደግሞ ክርክሩ ጉልበት ላይ ነበር፦ ስቶኪንግ ተጠቅልሎ ከጉልበት በታች ይውረድ ወይስ አይውረድ። በ1921 መስከረም መጀመሪያ ላይ ከሎስ አንጀለስ የመጣች አንዲት ደራሲ ስቶኪንጓን ጠቅልላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው "ወደ ላይ ሳቢው" አላት። ከተማውን አይመለከተውም አለች። ሊይዛት ሲሞክር በቡጢ አለችውና እስር ቤት ገባች። እዚያም ሆና ስቶኪንጉን አልሳበችም። እኔ ይህቺን ሴት በጣም ነው የምወዳት።

ሚስ አሜሪካ የተጀመረችውም እዚያ ነው ይባላል?

አዎ፣ ያውም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር! ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ባለሆቴሎቹ ችግር ነበረባቸው። አሜሪካ ውስጥ መስከረም መጀመሪያ ላይ ያለው የሠራተኞች ቀን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሆቴሉ ባዶ ይቀራል፣ አየሩ ግን ገና ሞቃት ነው። አንድ ሳምንት እንኳ ሰው ለማቆየት ተብሎ በ1921 የቁንጅና ውድድር ተዘጋጀ። ያሸነፈችው ማርጋሬት ጎርማን የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፣ የመጣችውም ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። "ሚስ አሜሪካ" የሚለው ስም የመጣላት በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት፣ አንዷ ጉልበቷ ታየ ተብላ ትታሰራለች፣ ሌሎቹ በዋና ልብስ ተሰልፈው ይሸለማሉ። ልዩነቱ ማን ገንዘብ አገኘበት የሚለው ብቻ ይመስለኛል።

ልብሱ ታዲያ መቼ አጠረ? ማን አሳጠረው?

ፋሽን ብቻውን አይደለም፤ ዋናተኞች ናቸው። መዋኘት የሚፈልግ ሰው ጋቢ አይለብስም።

አኔት ኬለርማን የምትባል አውስትራሊያዊት ዋናተኛ ገላ ላይ ልክክ የሚል፣ እጅና እግር የማያስር አንድ ወጥ ልብስ ትለብስ ነበር። በ1907 ቦስተን አጠገብ ሪቪር ቢች ላይ በዚህ ልብስ ምክንያት እንደታሰረች ራሷ ተርካለች፤ ታሪክ ጸሐፊዎች በጊዜው የተመዘገበ ማስረጃ አላገኙለትም፣ ሴትዮዋ ደግሞ ማስታወቂያ የምታውቅ ነበረች። ይሁንና ልብሱ በስሟ ተጠራ፣ ገበያም ገባ። በ1912 ስቶክሆልም ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና ተወዳደሩ፣ በ100 ሜትር ሌላዋ አውስትራሊያዊት ፋኒ ዱራክ ወርቁን ወሰደች። በ1926 ደግሞ የኒውዮርኳ ገርትሩድ ኢደርል የእንግሊዝን ቻናል ዋኝታ ስታቋርጥ ከእሷ በፊት ካቋረጡት ወንዶች ሁሉ ፈጠነች። ከዚያ በኋላ "ሴት ልጅ ገመድ ይዛ ትቁም" የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ነጋዴውም አልተኛም። ፖርትላንድ ኦሬገን ያለ የሹራብ ፋብሪካ፣ ኋላ ጃንትዘን የተባለው፣ በ1913 አንድ ቀዛፊ የሚመች ቁምጣ ሥሩልኝ ብሎ ሲመጣ የሹራብ እጅጌ ጫፍ በሚሠራበት፣ በሚለጠጠው አሠራር ሠሩለት። ከዚያ ሙሉ የዋና ልብስ መጣ። አሁንም ሱፍ ነው፣ አሁንም ይከብዳል፣ ግን ይለጠጣል። በ1920ዎቹ ቀይ ልብስ ለብሳ ወደ ውሃ የምትወረወር ሴት ምልክታቸው ሆና በየመኪናው መስታወት ተለጥፋለች። ላስቲክ ያለበት ክር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ነው ሱፉ እየቀረ የሄደው።

ቢኪኒስ?

በ1946 ፓሪስ። ከዘመናችን ውጭ ነው፣ እንለፈው።

ፈረንጆች ቆዳቸውን ማጥቆር ድሮም ይወዱ ነበር?

ኧረ ተው! 1900ዎቹ ላይ ነጭ ሴት ፊቷ ፀሐይ እንዳይነካው ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ዓይነ ርግብ ታደርግ ነበር። ፀሐይ የመታው ፊት የገበሬ ፊት ነው። እኛም አገር "ፀሐይ አይምታሽ" የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ሠራተኛው ከእርሻ ወጥቶ ፋብሪካ ገባና ነጣ፤ ሐኪሞች ደግሞ ፀሐይን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ጀመሩ። ኒልስ ፊንሰን በብርሃን የቆዳ በሽታ በማከሙ በ1903 ኖቤል ተሸልሟል። 1920ዎቹ ላይ የጠየመ ፊት ማለት "የእረፍት ጊዜና ገንዘብ አለኝ" ማለት ሆነ። ኮኮ ሻኔል በ1913 ዶቪል ላይ ሱቅ ከፍታ ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይሠራበት ከነበረ ተራ ጨርቅ የሴት ልብስ ስትሸጥ የነበረች ናት፤ ለፀሐይ ፋሽኑም ስሟ አብሮ ይነሣል። ጃንጥላው ከትከሻ ወርዶ አሸዋ ላይ የተተከለው በዚያው ዘመን ነው።

ጥቁሮችስ? ፎቶዎቹ ላይ ለምን አይታዩም?

ይታያሉ፣ ጠርዝ ላይ። ወንበር ሲገፉ፣ ሻንጣ ሲሸከሙ፣ ትሪ ይዘው ቆመው።

ይሄንን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የእነዚያ ሆቴሎች ምቾት ያለ እነሱ አይኖርም። አስተናጋጁ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ወጥ ቤቱ፣ ወንበር ገፊው አብዛኛው ከደቡብ የመጣ ጥቁር ሠራተኛ ነበር። የሚኖሩት ኖርዝሳይድ በሚባለው፣ ከባሕሩ ራቅ ባለው ሠፈር ነው። በሚያነጥፉት አልጋ ላይ በእንግድነት መተኛት አይችሉም። ባሕሩም ተከፋፈለ፤ ሆቴሎቹ ነጭ እንግዶቻቸው ቅር እንዳይላቸው ጥቁሮችን ወደ አንድ ጥግ ገፏቸው። ሚዙሪ አቬኑ ፊት ለፊት ያለው ያ ጥግ "ችክን ቦን ቢች" ተባለ፣ የዶሮ አጥንት ዳርቻ ማለት ነው። ቤተሰቦች ምግባቸውን ከቤት ይዘው ስለሚመጡ፣ ከምግቡም ዶሮ ስለማይጠፋ፣ በንቀት የወጣ ስም ነው። ሰዎቹ ግን ስሙን የራሳቸው አደረጉት። ፎቶዎቹ ላይ ቤተሰብ፣ ሙዚቀኛ፣ ጃንጥላ፣ ሳቅ ነው የሚታየው። ክፍፍሉ እስከ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ድረስ ቆየ።

እዚያው ኖርዝሳይድ ውስጥ ሳራ ስፔንሰር ዋሽንግተን የምትባል ሴት አፔክስ የተባለ የፀጉርና የውበት ድርጅት አቋቁማ፣ የፀጉር ሥራ ትምህርት ቤቶች ከፍታ፣ ሚሊዮነር እስከመሆን ደርሳለች። ሐበሻ የፀጉር ቤት ባለቤቶች ይህቺን ሴት ብታውቋት ደስ ይለኛል።

ዲሲ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሜትር የተዘረጋበት የታይዳል ቤዚን ዳርቻ የነጮች ብቻ ነበር። ለጥቁሮችም ሌላ ይሠራ የሚል ጥያቄ ተነሣ፣ ኮንግረስ ውስጥ ብዙ ተባለበት፣ በመጨረሻ በ1925 ነባሩም ተዘጋ። ሁለት ከማድረግ አንዱንም ማጥፋት ቀለላቸው።

የጨው ውሃ ከረሜላው እውነት የባሕር ውሃ አለበት?

የለበትም። ስሙ ነው እንጂ ጨውና ውሃ እንደማንኛውም ከረሜላ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ቦርድዋልኩ ላይ ሲሸጥ የኖረ፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። ከሩቁ መውደድ እዚህም አለ፦ ሰው ባሕሩን በሳጥን አድርጎ ለጎረቤት ይወስዳል።

ሞኖፖሊ ጨዋታ ላይ ያሉት መንገዶች የአትላንቲክ ሲቲ ናቸው?

አዎ። በ1935 ገበያ የወጣው የአሜሪካው ሞኖፖሊ መንገዶቹን ከዚያ ወሰደ። ውዱ ቦታ ቦርድዋልክ የሆነው ለዚያ ነው።

እንደዚህ ዓይነት የባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ ያረፈ ታዋቂ ኢትዮጵያዊ አለ?

አፄ ኃይለ ሥላሴ። አትላንቲክ ሲቲ ሳይሆን እንግሊዝ፣ ደስታም ሳይሆን ስደት። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ንጉሡ ኑሯቸውን ባዝ ከተማ ከማድረጋቸውም በተጨማሪ ደቡብ እንግሊዝ ዎርዚንግ በምትባል የባሕር ከተማ ዋርንስ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሆቴሉ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ መኖሪያ አፓርትመንቶች ተሠርተዋል። ሰው ሊዝናና ዘመዱን ይዞ በሚመጣበት ሆቴል መስኮት አጠገብ ቆሞ የአገሩን ዜና መጠበቅ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ እኔ አላውቅም።

ሆቴሎቹ የት ሄዱ? ዛሬ ብሄድ ምን አያለሁ?

የገደላቸው አንድ ነገር አይደለም። መኪና መጣ፣ ሰው ባቡሩ ወደሚወስደው ሳይሆን ወደፈለገበት መሄድ ቻለ። አውሮፕላን መጣ፣ ፍሎሪዳ ቀረበች። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ገባ፣ "አየር ልቀይር" የሚለው ምክንያት ሞተ። ደግሞ ሰው ባሕሩን መፍራት ተወ፤ ባሕሩን ሊዘልበት ለሚመጣ ሰው አራት ቧንቧ ያለው ገንዳ ምን ያደርግለታል? ትሬይሞር በ1972 በፈንጂ ፈረሰ። ብሌንሃይም በ1978 ተከተለ፣ ለካዚኖ ቦታ ሊለቅ። የመጀመሪያው ካዚኖ ሬዞርትስ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው።

እሱ ካዚኖ ግን ራሱ የድሮ ሆቴል ነው። ስትሄዱ ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቦርድዋልኩ ላይ ቁሙና ቀና በሉ። ከማስታወቂያ መብራቱ በላይ የምታዩት ግንብ መጠጥ የማይሸጡት ኩዌከሮች በ1920ዎቹ የሠሩት ሃደን ሆል ነው። ባለቤቶቹ ዛሬ ውስጡ የሚሠራውን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ባለጎማ ወንበሮቹም አሁን ድረስ አሉ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አሸዋ ላይ ጫማ ማውለቅ ይቻላል፣ ስቶኪንግ አልለበሳችሁም ብሎ የሚያስር የለም። እንጨቱ ላይ ግን ጫማችሁን አድርጉ፤ ስንጥር አለው።